ከአንድ ሆድ የወጡ ሁለት ብልቃጦች

ሴፕቴምበር 4

ይህ ደብተር የተሰጠኝ የሰው ሰገራ ልመዘግብበት ነው። ዶክተር ሄጋይ ሁለት ሰጡኝ። በአንዱ የብልቃጥ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ይሄኛው ተረፈ። እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተቀምጬ አንድ ደብተር አልሞላሁም፤ እስቲ አሁን ልሞክር።

ሥራዬ እንዲህ ነው። በሰፈራችን በካራኦዜክ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰማያዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ አድላለሁ። በማግስቱ ሞልቶ እቀበላለሁ። በረዶ ሳጥን ውስጥ ከትቼ በአሮጌዋ ጂፓችን ከተማ አደርሳለሁ፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ደም የምትቀዳው ነርሷ ናት። የእኔ ድርሻ የታችኛው ነው።

ዛሬ ጎረቤታችን ሽማግሌው ካፔዝ በር ላይ ያዘኝ። "ምን ሊያደርጉት ነው?" አለኝ።

"የጠፉት በጎች እየተፈለጉ ነው። የማን ሆድ ውስጥ እንዳሉ በዚህ ይታወቃል" አልኩት።

ብልቃጡን ባዶውን መለሰልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ለምኜ መልሼ አስያዝኩት።

ሴፕቴምበር 7

ዶክተሯን በመኪና ሳመጣቸው ነገሩን ጠየቅኳቸው። እኛ ጋ አንገቱ ላይ እብጠት የወጣበት ሰው ሁሉ "ፖሊጎኑ ነው" ይላል፣ ድሮ ቦምብ የሞከሩበትን ሜዳ ማለቱ ነው። እናቴ አፓም የምትለው ይህንኑ ነው። ታዲያ ሰገራ ምን አገባው?

"ፖሊጎኑን አልካድኩም" አሉ። "አንተ፣ አሲክ ትጫወታለህ?"

"የሰፈሩ አንደኛ ነበርኩ።"

"የበጉ ቁርጭምጭሚት ሲወረወር በየትኛው ጎኑ እንደሚያርፍ ማን ይመርጣል?"

"ማንም። እኔ ግን እርሳስ አቅልጬ እጨምርበት ነበር።"

"እኔ የምለው ስለ ሐቀኛ ተጫዋች ነው" አሉና ቀጠሉ። ሰው ከእናት ከአባቱ የሚደርሰው ዘር እንደዚያ አጥንት ነው፣ ሳይመርጠው ያርፍበታል። አንዳንዱ ዘር ሆድ ውስጥ የሆነ ዓይነት ባክቴሪያ እንዲበዛ ያደርጋል። የብዙ ሺህ ሰው መዝገብ ጎን ለጎን ያስቀመጡ ሰዎች፣ እንዲህ ያለው ዘር የደረሳቸው ላይ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ትንሽ በዝቶ አገኙት። ዘር ደግሞ በምግብ ወይ በሐዘን የሚለወጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ ግጥምጥሞሽ ብቻ ላይሆን ይችላል።

"ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም" አሉ። "እዚህ በየቤተሰቡ ልየው ብዬ ነው የመጣሁት። አደራህን፣ ሰንጠረዡን በትክክል ሙላልኝ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከተሳሳተ ሥራዬ ሁሉ ገደል ገባ።"

"እኔን ይመኑኝ" አልኳቸው። እንዲህ ስል ማንም አምኖኝ አያውቅም፣ እሳቸው ግን እንግዳ ናቸው።

ሴፕቴምበር 8

የቤታችንን ሰንጠረዥ ሞላሁ። 40 ቁጥር አፓ፣ ኑርጃማል። 41 ዛውሬ፣ የወንድሜ የቶሌገን ሚስት፣ ዠንጌ ነው የምላት። 42 እኔ ዣንዶስ። "እናት" በሚለው ቦታ ላይ ኑርጃማል ብዬ ጻፍኩ። ቶሌገን ማዕድን ጉድጓድ ነው ያለው፣ እስከ ዲሴምበር አይመጣም። ልጃቸው ቶሚሪስ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሕፃን አይቆጠርም።

በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ የአያት ነው። አያቱ ደረቷ ላይ አስተኝታ ታሳድገዋለች፣ አፓ ይላታል፣ ከዚያ በኋላ የእሷ ልጅ ነው፣ አለቀ። ወላጆቹን ወንድሜና ዠንጌ ይላል። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያወራም። ይህን የጻፍኩት ስለ አገሩ ልማድ ነው።

አፓ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ሃያ። መቀነስ የፈለገ ይቀንስ፤ እኔ ከኮሌጅ የወጣሁት በሒሳብ ነው።

ሴፕቴምበር 9

ዠንጌ ብልቃጡን አልቀበልም አለች።

"ኧረ ዠንጌ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰጥቷል። ኢማሙ እንኳን ሰጥተዋል።"

"እሳቸው ወንድ ናቸው።"

"ብልቃጡ ወንድና ሴት ይለያል እንዴ?"

"እኔ የዚህ ቤት ምራት ነኝ። አማቴ ቁጭ ባሉበት ያንን ይዤ ልዙር? ደግሞ ለማን ልሰጥ፣ ለአንተ! ሰፈሩን እየዞርክ ‘የዛውሬን አያችሁ?’ ልትል!"

"አስቤው ነበር።"

እርጥብ ጨርቅ ወረወረችብኝ፤ ጆሮዬን አገኘችው። ዠንጌ በስሜ አትጠራኝም። ምራት የባሏን ወንድም በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ ቅጽል ታወጣለች። የሌላው ቤት ምራት "ቆንጆው" ትላለች፣ "ሊቁ" ትላለች። የእኔዋ "ቴንቴክ" አለችኝ፣ ረባሽ።

ሴፕቴምበር 10

ብልቃጥ ያልሰጠ ሰው ለአንገት ምርመራ አይመዘገብም ተባለ። ዠንጌ ደግሞ ከፀደይ ጀምሮ ዳቦ ስትውጥ ፊቷን ትቋጥራለች፣ በላዩ ሻይ ታስከትላለች። ሌላ ሰው አላየም። እኔ ሰው ላይ የምቀልድበትን ነገር ስፈልግ ስለምውል አየሁ።

ስለዚህ ቀልድ አሰብኩ። 41 ቁጥርንም ራሴ ሞላሁት። ዶክተሯ "ይህቺ ሴትዮ ስንት ፈረስ ነው የበላችው!" ሲሉ ታየኝ። መኪናው ውስጥ እስከ ድልድዩ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ። ከድልድዩ ወዲያ ሳቁ አለቀብኝ። የምነግረው ሰው የለማ።

ሴፕቴምበር 18

የምርመራው ቀን። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አንሶላ ዘርግተው ከጀርባው አልትራሳውንዱን ተከሉ። እኔ ስም ጠሪ ነበርኩ። ካፔዝን "በግ ሌባው ካፔዝ!" ብዬ ጠራሁት፣ ሕዝቡ አለቀ በሳቅ።

ዠንጌ ስትገባ አንሶላው ሥር ቆሜ ነበር። ሥራዬ እዚያ መቆም ስለነበር ነው።

"ሽንብራ የምታክል ነገር አለች" አሉ ዶክተሯ ቀስ ብለው። "ጠርዟ አላማረኝም። ከተማ መጥተሽ በመርፌ ናሙና መወሰድ አለበት። በቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?"

"እናቴ። በአንገቷ ነው የሞተችው።"

"ልጆች አሉሽ?"

ዝም አለች። ውጪ ሰው እየሳቀ ነበር።

"አንዲት ሴት ልጅ" አለች።

ትክክል ነው። ቶሚሪስ ናት።

ቤት ስንገባ አፓ "ምን አሉሽ?" አለቻት። "ንጹህ ነው አሉኝ፣ አፓ" አለች። ሻሿን ወደ አንገቷ ዝቅ አድርጋ አሰረች። እኔ የራሴ ተራ ሲደርስ ሳጥን ልጭን ወጥቼ ነበር። የእኔ አንገት የፈረስ አንገት ነው፣ ምን ይሆናል።

ሴፕቴምበር 26

ለመርፌው የተቀጠረችው ኦክቶበር 6 ነው። ነርሷ ስልክ ስትደውልላት ሰማሁ። ለማንም አልተናገረችም። እኔም።

ዛሬ ቁርት ስታደርቅ "ዠንጌ፣ አንቺ ከዚህ አይብ ትደርቂያለሽ" አልኳት። አልሳቀችም። ምን ዓይነት ቀልድ ነው እሱ።

ኦክቶበር 6

አልሄደችም። ድንች ቆፈረች። ሰባት ጆንያ።

ኦክቶበር 7

መናገር አለብኝ። ለማን? እንዴት ብዬ? ቁም ነገር ስናገር ፊቴ አያምርም፣ ሰው መሳቅ ይጀምራል።

ኦክቶበር 9

ለአፓ ነገርኳት። ሱፍ እያበጠረች ነበር። "አፓ፣ የዠንጌ አንገት ላይ እብጠት አለ። ከተማ መሄድ አለባት፣ እየደበቀችን ነው" አልኳት። በዚህ ቃል። አንድም አልጨመርኩም።

ማበጠሪያውን አስቀመጠች። "ምላስህ ይቆረጥ!" አለች። "ኤፕሪል ላይ ቶሌገን ሁለተኛ ሚስት አገባ ብለህ ሁለት ቀን አስለቀስከኝ። አሁን ደግሞ ሞት አመጣህ?"

"አፓ፣ እውነቴን ነው።"

"ያኔም እውነቴን ነው ብለህ ነበር።"

ዠንጌ በር ላይ ቆማ ነበር። አፓ "ይሄ የሚለው ምንድን ነው?" አለቻት። ዠንጌ አየችኝ። "ቀልዱን ነው፣ አፓ። አያውቁትም እንዴ?"

አፓ ማበጠሪያውን አነሳች። ቶሚሪስ ጥግ ላይ ሆና "ዣንዶስ አጋ፣ ጥሩ ቀልድ አልነበረም" አለችኝ። አጋ ጋሼ ማለት ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከሁላችን የተሻለ ትፈርዳለች።

ኦክቶበር 10

ዠንጌ ላም ቤት ውስጥ ያዘችኝ።

"ምን ሰማህ?"

"ምንም።"

"ቴንቴክ!"

"አንሶላ ድምፅ አይከለክልም፣ ዠንጌ።"

"ሁሉንም ሰማህ?"

"ሁሉንም።"

"እስከ መጨረሻው?"

"አንዲት ሴት ልጅ እስከሚለው።"

ባልዲውን አንስታ ወጣች። ግማሹ ወተት መንገድ ላይ ፈሰሰ። ዠንጌ ወተት አፍስሳ አታውቅም።

ኦክቶበር 15

አታናግረኝም። ሻዬን ቀድታ ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። እኔም ከብልቃጦቹ ጋር እሄዳለሁ፣ ሁለተኛው ዙር ጀምሯል።

ዶክተሯ በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ከአገሩ ሕዝብ ቁጥር የሚበልጥ ፍጥረት ይኖራል ብለውኛል። ያን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሜ እየዞርኩ የማዋራው ሰው ማጣቴ ይገርመኛል።

ኦክቶበር 21

ከተማ ሳጥኑን ሳደርስ ዶክተሯ ቢሯቸው አስገብተው በሩን ዘጉ።

"41 ቁጥር የሴት ስም ነው ያለው" አሉ። "ውስጡ ያለው ግን የወንድ ነው። ከ42 ጋር ደግሞ አንድ ነው። ሁለቱ ብልቃጦች ከአንድ ሆድ ነው የወጡት።"

"የአንድ ቤት ሰዎች ነን፣ አንድ ዓይነት ነው የምንበላው" አልኩ።

አልሳቁም። እኔ ግን መሳቄን ቀጠልኩ፣ አፌ ብቻውን።

"ቀልድ ነበር" አልኩ በመጨረሻ። "እሷ አፈረች። ያለ ብልቃጥ አይመረመርም ተባለ። ስለዚህ..."

"ለመጠየቅ ምን ከለከለህ? ‘አፍራለች’ ብትለኝ አንገቷን አላይላትም ነበር?"

ይህ አልመጣልኝም ነበር። መጠየቅ።

"ሌላም አለ" አሉ። "የቤታችሁ ደምና የሞላኸው ሰንጠረዥ አይገጥሙም። ደሙ ምን እንደሚል ልነግርህ አልችልም፣ ደንብ አለው። አንተ ንገረኝ። የማን ልጅ ነህ?"

"የአፓ" አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ዛውሬን ሦስት ጊዜ አስደወልኩላት፣ ‘እመጣለሁ’ ብላ ቀረች። ለቤተሰቡ ማን ይንገርልኝ?"

"እኔ ነግሬያቸዋለሁ። አላመኑኝም። እርስዎ ይምጡልን።"

ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ወዲያው ቀን መቁጠሪያቸውን ገለጡ።

ኖቬምበር 3

የመጀመሪያው በረዶ ወረደ። ዶክተሯ መጡ። እንቅልፍ ስለሌለኝ ሁሉንም ልጻፈው።

አፓ በወተት የተፈላ ሻይና የተጠበሰ ሊጥ አቀረበች። ዶክተሯ ከቤታቸው በማሰሮ የኮመጠጠ ጎመን ይዘው ነበር፤ የኮሪያ ዘር ናቸው። አፓ አሸተተችው።

"ልጄ፣ ይሄ ተበላሽቷል።"

"የእርስዎ ቁርትስ? ጥርስ የሚሰብር ድንጋይ አይደለም?"

ተሳሳቁ። ነገሩ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ዶክተሯ ወረቀታቸውን ዘረጉ። "እማማ ኑርጃማል፣ ሰንጠረዡን እንደገና ልንሞላው ነው። በዚህ ሰፈር ስድስት ቤት ተሳስቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ‘እናት’ ብዬ ጻፍኩ። ‘የወለደች’ ማለት ነበረብኝ። ዣንዶስን ማን ወለደው?"

"እኔ" አለች አፓ።

"በሃምሳ ስምንት ዓመትዎ?"

"ብርቱ ነበርኩ።"

ብቻዬን ሳቅሁ። ዠንጌ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች፣ አታስቀምጠውም።

"ዛውሬ፣ ልናገር?" አሏት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ተናገሩ። ሽንብራዋን፣ ጠርዟን፣ የቀረችበትን ቀጠሮ። "እናቷ በዚህ ሞታለች። እሷ ላይ ደግሞ ያው ከሆነ፣ ከእሷ የተወለደ ሁሉ አንገቱ መታየት አለበት። ለዚህ ነው የምጠይቀው እንጂ የቤታችሁን ጉዳይ ልፈተፍት አይደለም።"

አፓ ወደ እኔ ዞረች። "እውነትህን ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን አልማልክም?"

"ብምል ታምኚኝ ነበር?"

አፓ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ፍርፋሪ በእጇ ሰበሰበች፣ አንድ በአንድ። ስትጨርስ መዳፏ ላይ ይዛው ቀረች፣ የምትጥልበት የጠፋት ይመስል።

"ጻፊ" አለቻቸው። "ዣንዶስ። የወለደችው ዛውሬ።"

ቤቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ያልተባለ ነገር ነው። የፈረሰ ነገር ግን የለም። ምድጃው ይንጣጣል፣ ውጪ ውሻው ካፔዝ ላይ ይጮሃል።

"ከሥሩ ደግሞ ጻፊ። ያሳደገችው ኑርጃማል። ቦታ የለውም እንዳትይኝ፣ አስፊው።"

ዶክተሯ ኅዳጉ ላይ ጻፉት። ዠንጌ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ወጥ ቤት ገባች። አልወጣችም።

ከዚያ እኔን አስተኝተው ይዘውት ለመጡት አልትራሳውንድ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡ። አፓ ከራስጌዬ ቆማ "በዚያ በኩልም እዪው፣ አትቸኩዪ" እያለች አደከመቻቸው። ንጹህ ነው። የቶሚሪስም እንደዚያው። በዓመት አንዴ እንታያለን። አፓ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ማታ ስንተኛ "ከፈለግህ ብርድ ልብስህን ይዘህ ከወዲያኛው ክፍል ተኛ" አለችኝ። ወዲያኛው ክፍል የዠንጌ ነው። "ምን በወጣኝ፣ እዚያ ቶሚሪስ ታንኮራፋለች" አልኩ። እንደ ድሮው ከጎኗ ተጋደምኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋለች። አልተኛችም፣ ስትተኛ እንዴት እንደምትተነፍስ አውቃለሁ። ከወዲያኛው ክፍልም ዠንጌ ስትገላበጥ ይሰማል። ሦስታችንም ነቅተናል።

ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ባክቴሪያዎቹ ይሆናሉ።

ኖቬምበር 4

ጠዋት ዠንጌ 41 ቁጥርን ራሷ አመጣችልኝ። በሻሽ ጠቅልላ። አማቷ ፊት።

"ሙቅ ነው፣ እንዳትደፋው" አለችኝ።

ከኦክቶበር ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ኖቬምበር 8

መርፌው ተወጋ። እኔ ነኝ የወሰድኳት። መንገዱን ሁሉ ስለ ድንች አወራን።

ኖቬምበር 19

ያው ነው። ያ በሽታ ነው።

ዶክተሯ በስልክ ነገሯት፣ ድምፁን ከፍታ ሁላችንም ሰማን። ገና ትንሽ ናት፣ ይወጣል፣ በጊዜ ተገኝቷል፣ ከዚህ ድኖ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ዲሴምበር 2 ቀዶ ጥገና።

"ድምፄ ይጠፋል?" አለች ዠንጌ።

"ለጊዜው ሊጎረንን ይችላል።"

"ታዲያ ይሄን ረባሽ በምን እጮህበታለሁ?"

ስልኩን ተቀብዬ ወደ ውጪ ወጣሁ። "ምንድን ነው ያደረጋት?" አልኳቸው። "ባክቴሪያው ነው? ፖሊጎኑ ነው? ከእናቷ ነው?"

"ለአንድ ሰው መልስ የለኝም፣ ዣንዶስ። እኔ የያዝኩት ነገር የሚናገረው ስለ ሺህ ሰው ነው።"

እኛ ሺህ አይደለንም። አመሰገንኩና ዘጋሁት። በረዶው ውስጥ ትንሽ ቆየሁ።

ኖቬምበር 27

ለክረምት ፈረሱ ታረደ። ጎረቤት ተሰብስቧል። ቶሌገን ከጉድጓዱ ደወለ፣ ተለዋጩ ሳይመጣ አይለቁኝም አለ፣ ድምፁ ይቆራረጣል። "እኔ እስክመጣ አንተ አለህ" አለኝ። ሌላም ሊል ፈልጎ ነበር፤ መስመሩ ተቆረጠ። ወይ ቆረጠው።

አፓ ሥጋ ስታድል ለእኔ በሳህን ለብቻ፣ ምርጥ ምርጡን አቀረበችልኝ። ለእንግዳ የሚቀርበውን። ሁልጊዜ ከራሷ ሳህን ላይ በእጇ ቆርሳ ነው አፌ ውስጥ የምትጨምርልኝ፣ በሃያ ዓመቴ፣ ሰው እያየ፣ እያፈርኩ።

"አፓ፣ ምን ሆነሻል? ልትሸኚኝ ነው?" አልኳት።

"ብላ" አለች።

ካፔዝ ሳህኑን አይቶ እኔን አየኝ። ባየኝ ቁጥር የሚሰድበኝ እሱ እንኳን አልተሳደበም።

ዲሴምበር 1

ከተማ፣ ሆስፒታል። ዠንጌን አስተኟት። ጠዋት በሁለት ሰዓት ይቀድዷታል። ቶሚሪስን ካፔዝ ቤት ትተናታል።

አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሻሿን ስላወለቁባት ሌላ ሰው ትመስላለች። ጆሮዋን አየሁት። የእኔ ዓይነት ጆሮ ነው፣ ወደ ውጪ የወጣ። በዚህ ጆሮ የተነሳ ትምህርት ቤት ስንት ሰው ደብድቤያለሁ።

"አፓ በልተዋል?" አለችኝ።

"ሦስት ቀን ሻይ ብቻ ነው የምትጠጣው።"

"ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"አንቺን ልጠብቅ።"

"እኔን ሐኪም ይጠብቀኛል። ጠዋት ተነስተህ ሂድ፣ ከእሳቸው ጋር ሁን።"

"ዠንጌ..."

"ስማኝ። ስሰጥህ ቃል ሰጥቻለሁ። ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ። ነገ የማልነቃ ከሆነ ቃሌን በልቼ አልሄድም። የእሳቸው ልጅ ነህ። ሂድ።"

"ሁለት ጊዜ ሰጠሽኝ ማለት ነው" አልኩ። ቀልዴን ነበር።

ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ቀልድ መሆኑን ልነግራት ፈለግሁ። አልነገርኳትም። ምናልባት ስላልነበረ።

ዲሴምበር 2፣ ጠዋት

እሷ ስትገባ እኔ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ኔትዎርክ የለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን እንደሆነች አላውቅም።

ዲሴምበር 2፣ ማታ

የሆነውን ልጻፍ።

አፓ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ምን ሆነች?"

"እየቀደዷት ነው።"

"ማን አለ እዚያ?"

"ማንም።"

ያደረገችውን ቦት ጫማ አውልቃ በእሱ ትከሻዬን አለችኝ። "አንተ ከብት! ብቻዋን ትተሃት መጣህ?"

"እሷ ናት የላከችኝ! ከአንቺ ጋር እንድሆን!"

"ስትልክህ ትመጣለህ? ሌላ ጊዜ ውሃ ቅዳ ስትልህ አትሰማ፣ ዛሬ ታዛዥ ሆንክ?"

ሁለተኛውን ቦት ጠበቅሁ። አልመጣም። ገብታ ጥቁሩን የከፋይ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች፣ ለቀብርና ለሠርግ ብቻ የምትለብሰውን። አሥራ አንድ ዓመት ከካራኦዜክ ወጥታ አታውቅም። መኪናው ላይ ደግፌ አወጣኋት። የልጅ ያህል ነው የምትመዝነው።

ከድልድዩ ወዲያ በመስኮቱ እያየች መናገር ጀመረች።

"ስትወለድ እንዲህ ያለ በረዶ ነበር። ስቀበልህ አላለቀሰችም። ጎበዝ ምራት አልኩ፣ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ማታ ላም ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ሰምቼ ተኛሁ።"

መሪውን ያዝኩ።

"ላሚቱ ምን አለች?" አልኩ።

አፓ ዞራ አየችኝ። የምትመታኝ መሰለኝ። "ሲጨንቅህ የምትቀልደው ነገር" አለች፣ "ከእኔ አልወሰድከውም። ከእሷም አይደለም፣ እሷ ዝም ነው የምትለው። ከየት እንዳመጣኸው እንጃ።"

"የራሴ ነው፣ አፓ።"

"የራስህ ነው" አለች። ከኪሷ ቀዝቃዛ የፈረስ ሥጋ አወጣች፣ በጣቷ ቆረሰች፣ እየነዳሁ አፌ ውስጥ ጨመረችልኝ። ከዚያ ለራሷም በላች።

ኮረብታው ላይ ስንወጣ ስልኬ ጮኸ። የዶክተሯ መልእክት ነው። "ወጥቷል። ነቅታለች። ውሃ ጠየቀች።" ለአፓ አነበብኩላት። ደግሜ አንብብ አለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩ። በሦስተኛው ላይ ፊደሉ ጠፋብኝ፣ መኪናውን ዳር አቁሜ ትንሽ ቆየን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ነርሷ "አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው" አለች። "የታማሚዋ ምንድን ናችሁ?"

አፓ እኔን አየች። እኔ አፓን አየሁ። በጀርባዋ ገፋ አደረግኋትና ገባች።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ነኝ። አግዳሚ ወንበሩ ለሦስት ሰው ነው፣ መሃሉ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። አንዴ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ነርሷ አባረረችኝ፤ ስትሄድ ተመልሼ ለጠፍኩ። ወፍራም በር ነው። የአፓ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ አይሰማም። ሌላም ድምፅ አለ፣ የጎረነነ፣ እንደ ተሰነጠቀ ባልዲ። አንደኛዋ ትስቃለች፣ ወይ ታለቅሳለች። የትኛዋ እንደሆነች አልለየሁም። የሚያወሩት ስለ እኔ ይሁን ስለ ድንቹም አልሰማሁም።